የኤሌክትሪክ መኪና ገጠር ይደርሳልን?

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ «ለፕሮጀክቱም የኤሌክትሪክ መኪና እንግዛን?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባችን ይነሣል። የሚገዛውም በምእመናን መዋጮ ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

የክልከላው ምክንያት ይገባናል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከወንዞቻችን ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ችግሩ ያለው ከግድቡ እስከ ሶኬቱ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከተራ የቤት ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል ቢያገኝ፣ ባዶው እስኪሞላ 30 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ! በከተማ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ግን በዚህ አይቸገርም። የተጠቀመበትን አራት አምስት ሰዓት ሰክቶ ይመልሳል፤ ማታ የሰካውን ጠዋት ይነቅላል።

ወደ ወረዳ ለሚወጣው ባልደረባችን ነገሩ ሌላ ነው። እህል የጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱም የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ በናፍጣ ጄኔሬተር መሙላት ደግሞ ነዳጁን በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው።

ስለዚህ ለከተማው ሥራ የኤሌክትሪኩን እንደግፋለን፤ የገጠሩን የናፍጣ መኪኖች ግን ለጊዜው አንሸጥም። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ በየጣቢያችሁ መብራት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለአንድ ወር መዝግባችሁ ላኩልን።