የእሳት እራትን በፎቶግራፍ መለየት፦ በመካነ ሰላምና በአካባቢው

የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክን የሚጎበኝ ሰው ካሜራውን የሚያነጣጥረው በአብዛኛው በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ላይ ነው። ማታ በመካነ ሰላም መብራት ሥር የሚያርፉትን የእሳት እራቶች ቢያነሣም ለመታሰቢያ ያህል ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ምስል በአግባቡ ከተመዘገበ ለተመራማሪም ለገበሬም ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከፎቶግራፍ ብቻ ተነሥቶ የአንድን የእሳት እራት ዝርያ መናገር የሚቻለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ማስረዳት ነው።

አንዳንዱ ዝርያ በቀላሉ ይታወቃል። ንብ ቀፎ ገብቶ ማር የሚመጥጠውና በደረቱ ጀርባ ላይ የራስ ቅል የመሰለ ምልክት ያለው ትልቁ የእሳት እራት ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ምልክት ያላቸው ዝርያዎች በዓለም ላይ ሦስት ሲሆኑ፣ ሁለቱ የእስያ ናቸው። ስለዚህ ምስሉ በወሎ መነሣቱ ከታወቀ ነፍሳቱ አኬሮንቲያ አትሮፖስ የሚባለው ዝርያ ነው። እዚህ ላይ ፍርዱን የሰጠው ምልክቱ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ጭምር ነው።

በቆሎና ማሽላ በሚመረትባቸው የዓባይ ሸለቆ ቆላዎች ግን ጉዳዩ ይከብዳል። የአሜሪካ መጤ ተምች በኢትዮጵያ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ነባሩ የአፍሪካ ተምች ደግሞ ከዚያ በፊትም ጤፍን፣ በቆሎንና የግጦሽ ሣርን በመንጋ ሲያጠቃ ኖሯል። ሁለቱ የአንድ ወገን ዝርያዎች ናቸው። ክንፍ ያወጣው የመጤው ተምች ወንድ በፊት ክንፉ ጫፍ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ ሴቷ ግን ደብዘዝ ያለ ግራጫማ ቡናማ መልክ ስላላት ከዘመዶቿ ለመለየት ታስቸግራለች። ሲያርፉም የፊት ክንፋቸው የኋላውን ስለሚሸፍነው ምስሉ የሚያሳየው ከፊል ማስረጃ ነው።

በዚህ ጊዜ ከክንፋሙ ይልቅ የትሉ ፎቶግራፍ የተሻለ ይመሰክራል። በመጤው ተምች ትል ግንባር ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የመሰለ ምልክት፣ በጅራቱ አጠገብ ደግሞ በካሬ የተደረደሩ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ። የግንባሩ ምልክት በዘመዶቹም ላይ ስለሚገኝ ሁለቱን አጣምሮ ማየት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ነባሩ ተምች በመንጋ ወጥቶ በግልጽ ሲመገብ፣ መጤው በበቆሎው እምብርት ውስጥ ስለሚሸሸግ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ካልተደረሰበት የሚረጨው መድኃኒት ብዙም አያገኘው። ስሙ ሲሳሳት የገበሬው ገንዘብም በከንቱ ይፈስሳል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የመራቢያ አካላቸው በማጉያ መሣሪያ ካልተመረመረ የማይለዩ ዝርያዎች አሉ። ፈረንሳዊው ሩዦ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1975 በኢትዮጵያ የነፍሳት ጥናት ጉዞዎችን ሲመሩ ናሙና መሰብሰባቸው ስለዚህ ነው፤ ፎቶግራፍ ናሙናን አይተካም።

እንግዲህ አንሺው ነፍሳቱን ከጀርባና ከጎን ቢያነሣ፣ አንቴናውን ቢያሳይ፣ ለመጠን ማነጻጸሪያ ሳንቲም ቢያኖር፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ቢጽፍ፣ ትል ከሆነም የተገኘበትን ተክል ቢመዘግብ መልካም ነው። ደጋና ቆላ በአጭር ርቀት በሚገናኙበት በዚህ አካባቢ ከፍታው ያልተጻፈ ምስል ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ለዪውም ማስረጃው እስከ ወገን ብቻ ከወሰደው እዚያው ሊቆም ይገባል፤ በትክክል የተሰጠ የወገን ስም በግምት ከተሰጠ የዝርያ ስም ይበልጣልና።