ቮልቴጅ ሲጨምር የቺፕ ዕድሜ ለምን ያጥራል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ቺፕ አምራች ለወራት ሲንከባለል የቆየን ጥያቄ መለሰ። የ13ኛውንና የ14ኛውን ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች የገዙ ሰዎች ኮምፒውተራቸው በጨዋታ መሀል እንደሚዘጋ፣ ፕሮግራሞችም ያለምክንያት እንደሚቋረጡ ሲያማርሩ ቆይተው ነበር። እንደ ኩባንያው ማብራሪያ፣ የፕሮሰሰሩን ውስጣዊ አሠራር የሚመራው ማይክሮኮድ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ ኖሯል። በኦገስት የወጣው ማስተካከያ ጥያቄው ከ1.55 ቮልት እንዳያልፍ ገደበው።

ቁጥሩ ለጆሮ ኢምንት ነው፤ የግድግዳ ሰዓት የምታንቀሳቅስ አንዲት የባትሪ ድንጋይ እንኳ 1.5 ቮልት አላት። ጉዳቱን ለመረዳት ቮልቱ የሚያርፍበትን ነገር ስስነት ማየት ያስፈልጋል። በትራንዚስተር ውስጥ መቆጣጠሪያውን ከኤሌክትሪክ መተላለፊያው የሚለየው ሽፋን ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። በ2 ናኖሜትር ላይ 1 ቮልት ሲያርፍ፣ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ በሚሊሜትር ሲሰላ ግማሽ ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። አየር በሚሊሜትር 3 ሺህ ቮልት ገደማ ሲደርስበት ብልጭታ ያሳልፋል።

እንዲህ ባለ ጫና ሥር ሽፋኑ ወዲያው አይበሳም። በውስጡ ጥቃቅን እንከኖች ይፈጠራሉ፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅም በእነርሱ ውስጥ እየተያዘ ይቀራል። ትራንዚስተሩም ቀድሞ በ1.2 ቮልት ያከናውነው የነበረውን ሥራ በዚያው ፍጥነት ለማከናወን ከዚያ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የቺፕ እርጅና በዋናነት ይህ ነው። ስለዚህ መንገዳገድ የጀመረን ፕሮሰሰር ቮልቴጅ ጨምሮ ማስታገስ፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት፣ ለጊዜው ቢሠራም እርጅናውን ያፋጥነዋል፤ የአራጣን ዕዳ በአራጣ ብድር እንደመክፈል ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በሽቦዎቹ ላይ ይደርሳል። በቀጫጭን የመዳብ መስመሮች የሚጎርፉት ኤሌክትሮኖች፣ ጎርፍ አፈር እንደሚሸረሽር፣ አቶሞችን ቀስ በቀስ ከቦታቸው ይገፋሉ፤ መስመሩም በአንድ ወገን ይሳሳል። የሞቶሮላው ጄምስ ብላክ በ1969 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ መስመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ፣ ትራንዚስተሮች ሲበሩና ሲጠፉ የሚፈጁት ኃይል በ21 በመቶ ያድጋል፤ ያም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለጥቂት በመቶ ፍጥነት ብሎ ቮልቴጅ መጨመር፣ በእኔ እይታ፣ ኪሳራ ያለበት ንግድ ነው።

ኢንቴል በሴፕቴምበር 2024 እንዳስታወቀው፣ በእነዚያ ፕሮሰሰሮች ከፍተኛውን ጉዳት የተሸከመው የሰዓት ምልክትን በኮሩ ውስጥ የሚያሰራጨው ክፍል ነው። እርሱ ሲዛነፍ የሁሉም ሥራ ጊዜ ይዛነፋል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን፣ እንደ ኩባንያው መግለጫ፣ በዚህ ችግር አልተነኩም።

ማስተካከያው የሚመጣውን ጉዳት ይከላከላል እንጂ የደረሰውን አይመልስም። ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ለዘመድ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ካላችሁ፣ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ ትውልዶች መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ከሆነም ባዮሱን አድሳችሁ ለሰዓታት ከባድ ሥራ አሠሩት። ኢንቴል ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚሰጠውን ዋስትና በ2 ዓመት ስላራዘመ፣ ችግር ከታየበት መለወጫውን ዕቃው ከእጃችሁ ሳይወጣ መጠየቅ ይቀላል።