ያውቁ ኖሯል? የዓሣ ዘይት ከማሳም ይገኛል

በሳልሞን ሥጋ ውስጥ ያሉት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የተባሉ የኦሜጋ-3 ቅባቶች ዋና ምንጫቸው ዓሣው ሳይሆን ደቃቅ የባሕር አልጌዎች ናቸው። ከአልጌ ወደ ትናንሽ ዓሦች፣ ከዚያም ወደ ትልልቆቹ ይሻገራሉ።

በእርባታ የሚያድግ ሳልሞን ግን የሚያገኛቸው ከመኖ ነው። ለመኖው የሚሆነው የዓሣ ዘይት የሚጨመቀው በብዛት እንደ አንቾቪ ካሉ ትናንሽ የባሕር ዓሦች ሲሆን፣ ባሕሩ የሚሰጠው መጠን ውስን ነው።

በእንግሊዝ የሮትሃምስተድ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች መፍትሔውን ከእርሻ ፈለጉ። ከአልጌና ከሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን የተገኙ ዘረ መሎችን ካሜሊና በተባለው የቅባት ሰብል ውስጥ አስገብተው እነዚህን ቅባቶች እንዲያመርት አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የመስክ ሙከራ ጀመሩ። የዚህ ካሜሊና ዘይት በሳልሞን መኖ ውስጥ የዓሣ ዘይትን መተካት እንደሚችል በሙከራ ታይቷል።

የአገራችን ጎመን ዘርም በዚህ ምርምር ውስጥ ቦታ አለው፦ ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ፍሬው ኢፒኤ እንዲያመርት አድርገዋል።