የታደሰ ቮልስ ከጋራዥ ከወጣ በኋላ

አሮጌ መኪና ታደሰ የሚባለው ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተለብጦና ቀለም ተቀብቶ ሲያብረቀርቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ባይሆንም፣ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው እድሳቱ የሚያልቀው መኪናው የመጀመሪያዎቹን አንድና ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ከሮጠ በኋላ ነው። አዲሱ ፋሻ፣ ማለትም ፒስቶኑን ከቦ ጭስና ዘይት እንዳይተላለፍ የሚያደርገው የብረት ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ገና አልተላመደም፤ አዲሱ ጓርኒሲዮን፣ በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ግለትና ጫና ገና አልቀመሰም፤ ለዓመታት ቆሞ የነበረው የቤንዚን ታንከርም ዝገቱን የሚያራግፈው መንገዱ መናጥ ሲጀምረው ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት የሚታየው ብልሽት ሁሉ የሠራተኛው ጥፋት ተደርጎ መቆጠሩ ብዙ ጊዜ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ነገር ለማስረዳት ከቮልስዋገን ቢትል፣ በተለምዶ ቮልስ ከሚባለው፣ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና በመሆኑ፣ ቮልስ በአገሪቱ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ሳይቀር ቦታ አለው። የመጨረሻው ቢትል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ሲመረት የተሠሩት ቁጥር ከ21 ሚሊዮን በልጦ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ከጣለና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ አገር ውስጥ ያለን አሮጌ መኪና መጠገን የአፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ አልሆነም።

ቮልሱ ደሴን ለቆ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም ቢያቀና፣ ጉድለቶቹን አንድ በአንድ የሚያወጣበት መንገድ ያገኛል። በመንገዱ ላይ ያለው የለጋምቦ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ መካነ ሰላምም ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ባለ 1200 ሞተር ወደ 25 ገደማ ዝቅ ይላል። ባለንብረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጥረው አዲሱን ፋሻ ነው። ካርቡራቶሩ፣ ማለትም ቤንዚንንና አየርን የሚቀላቅለው ክፍል፣ አየሩ እንደሳሳ ስለማያውቅ ቤንዚኑን ያን ያህል አይቀንስም፤ ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ መኪና ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ካንዴላው ተፈትቶ ጫፉ ይታያል። እንደ ጥላሸት የጠቆረ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ነጭ ከሆነ አንሶታል፣ እንደ ሠርገኛ ጤፍ ወደ ቡናማ ያደላ ግራጫ ከሆነ ግን ድብልቁ ልክ ነው።

የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከኋላ ባለው ማራገቢያ በሚገፋ አየር ብቻ ነው። ውኃ በመካነ ሰላም ከፍታ ከ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ስለሚፈላ፣ ራዲያተሩ የሚያፈስና ክዳኑ በደንብ የማይገጥም መኪና ደጋ ላይ መከራውን ሲያይ፣ ቮልስ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። ነጻነቱ ግን የራሱ ዋጋ አለው። ማራገቢያው የሚገፋው ያንኑ የሳሳ አየር ከመሆኑም በላይ፣ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት ስስ የላሜራ ሽፋኖች በእድሳት ጊዜ አንዱ እንኳ ቢጎድል ወይም ሳይገጥም ቢቀር፣ የሞቀው አየር ተመልሶ ይሳባል። ቀደም ባሉት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ሆኖ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ሲሊንደር ነው። ለዓይን የማይታይ ቁራጭ ቆርቆሮ ሳይመለስ ቀርቶ፣ በብዙ ገንዘብ የታደሰ ሞተር ሊቃጠል ይችላል።

ሮዳጅ የሚባለው የአዲስ ሞተር ማለማመጃ ጊዜም በተለምዶ ከሚታሰበው ይለያል። በቀስታ መንዳት ብቻ በቂ አይደለም፤ ፋሻው ከግድግዳው ጋር የሚገጥመው መጠነኛ ጫና ሲያገኝ ስለሆነ፣ ሞተሩን አሙቆ ሳያስጨንቁት ዳገት ማስወጣት ከተማ ውስጥ ከማንቀርፈፍ ይሻላል። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮም የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር የሚወጣው ዘይት በጣት ሲነካ ብናኝ ብረት የሚታይበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ወዲያው ካልተቀየረ ብናኙ መልሶ ሞተሩን ይሞርደዋል። ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት በ6 ቮልት ስለሚሠሩ፣ በለጋምቦ ውርጭ ጠዋት ሞተሩን ለማዞር ንጹሕ የባትሪ ገመድና ገመዱ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያ ውጭ ፑንቲናው፣ ብልጭታውን የሚቆራርጠው ነጥብ፣ በ0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከተስተካከለ ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው ፈተና ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ወደ ግንደ ወይን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ቮልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በታምቡር ፍሬን ነው። አዲሱ የፍሬን ሸራ ገና ታምቡሩን በሙሉ ገጽታው ስለማይነካ፣ ፍሬን ደጋግሞ የሚረግጥ ሾፌር ሸራውን አግሎ ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬን ያጣል፤ ያልተቀየረ የፍሬን ዘይትም ከአየር የመጠጠው እርጥበት በግለቱ ሲፈላ ፔዳሉ መሬት ይነካል። አዋቂ ሾፌር በሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ የኋላው ወረፋ ጡሩንባ ቢነፋበትም።

ሸለቆው ግርጌ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ደጋ ላይ ቤንዚኑ እንዲቀንስ የተስተካከለው ካርቡራቶር አሁን ወፍራም አየር ስለሚያገኝ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፤ ማዶውን ዳገት የሚጀምረው በዚሁ ሁኔታ፣ በቆላ ሐሩር ነው። የቤንዚን ፖምፓው ሞተሩ ላይ የተገጠመ በመሆኑ በውስጡ ያለው ቤንዚን ተንኖ መንገዱን ይዘጋል፣ ሞተሩም ያለቅድመ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። መድኃኒቱ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር መቆም ነው፤ ካርቡራቶሩን እዚያው መነካካት ግን ደጋው ላይ ሲወጡ ሌላ ሥራ ያመጣል።

የቫልቩ ነገር ለማግስቱ ይቆያል። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ብቻ ስለሆነ፣ ከሸለቆው የወጣ መኪና ቦኔቱ የሚከፈተው አድሮ፣ ጠዋት፣ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ነው።