ከቱቦው በፊት መቆሚያውን

ቴሌስኮፕ ለመግዛት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ «525 እጥፍ» የሚል ቁጥር በካርቶኑ ላይ በትልቁ ያትማሉ። ነገር ግን የማጉላት መጠን የቱቦው ጥራት መለኪያ አይደለም። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ዓይን ለሚያርፍበት ትንሽ ሌንስ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ሌንሱን በመቀየር ብቻ የፈለጉትን ያህል ከፍ ማድረግ ይቻላል። የማይቻለው ምስሉን ጥርት አድርጎ ማቆየት ነው። በጥሩ ሌሊት እንኳ የሚጠቅመው ማጉላት ከመስታወቱ ስፋት ጋር የተያያዘ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 2 እጥፍ ገደማ ይፈቀዳል። ስለዚህ 76 ሚሊሜትር መስታወት ያለው መሣሪያ ከ150 እጥፍ አልፎ ሲገፋ ትልቅ ግን የደበዘዘ ነገር ከማሳየት በቀር የሚጨምረው የለም።

ትክክለኛዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ መስታወቱ ምን ያህል ይሰፋል? የተቀመጠውስ በምን ላይ ነው? የመጀመሪያውን ብዙ ገዢ ቆይቶም ቢሆን ይደርስበታል። ሁለተኛው ግን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚታሰብ ሆኖ ቀርቷል፤ ብዙ ቴሌስኮፕ በቁም ሣጥን ላይ አቧራ የሚጠጣውም ከቱቦው ይልቅ በመቆሚያው ምክንያት ይመስለኛል። ለመጀመሪያ ግዢ 150 ወይም 200 ሚሊሜትር መስታወት ያለውን፣ ዶብሶኒያን በሚባለው ቀላል የእንጨት መቆሚያ ላይ የተቀመጠውን ቴሌስኮፕ የሚያህል ምርጫ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ሰማይን ለሚያይ ሰው ደግሞ ይህ ምርጫ ከሌላው አገር ይልቅ የጠነከረ ምክንያት አለው።

በመስታወቱ እንጀምር። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ቴሌስኮፕ ብርሃንን የሚሰበስበው በሌንስ ሳይሆን በጎድጓዳ መስታወት ነበር። ቱቦው ግርጌ ያለው ትልቅ መስታወት ብርሃኑን ይሰበስባል፤ ወደ አፉ አካባቢ በሰያፍ የተቀመጠ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ ወደ ጎን አውጥቶ ለዓይን ያቀርበዋል። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ለአማተሮች ዋነኛ ጥቅሙም ዋጋው ነው። ሌንስ ብርሃን በውስጡ ስለሚያልፍ መስታወቱ እስከ ውስጥ ድረስ የጠራ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ገጾቹ ይሞረዳሉ፤ ቀለማት እንዳይበታተኑም ከአንድ በላይ ሌንስ ያስፈልጋል። ጎድጓዳው መስታወት ግን በትክክል መሞረድ ያለበት አንድ ገጹ ብቻ ነው። በእንጦጦ የሰማይ መመልከቻ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም የመስታወት ናቸው። የመስታወት ስፋት ጥቅሙ በካሬ ያድጋል፤ 200 ሚሊሜትሩ ከ76 ሚሊሜትሩ 7 እጥፍ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። የደቡቡን ሰማይ ትልቅ የከዋክብት ክምችት ኦሜጋ ሴንታውሪን በትንሹ መሣሪያ ያየ ሰው ደብዛዛ ጉም ያገኛል፤ በ200 ሚሊሜትር ሲያየው ጉሙ ወደማይቆጠሩ ጥቃቅን ከዋክብት ይበተናል። ይህ ክምችት በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ከአዲስ አበባ እስከ 34 ዲግሪ ከፍ ይላል። ከዋሽንግተን የሚታየው አድማስ ላይ ተለጥፎ ሲሆን ከስቶክሆልም ጭራሽ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሰማይ ያለው አገር ሰፊ መስታወት ይገባዋል።

ሰፊ መስታወት ግን በሚንቀጠቀጥ እግር ላይ ከቆመ ከንቱ ነው። 100 እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ የቱቦውን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላል፤ ነፋስ ሽው ሲል ወይም ምስሉን ለማጥራት እጅ መዘውሩን ሲነካ ጁፒተር ከወዲያ ወዲህ ይዘላል። በርካሽ ቴሌስኮፖች ላይ የሚመጣው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ብዙውን ጊዜ ከቀጭን አልሙኒየም የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይም ኢኳቶሪያል የሚባለው ውስብስብ መገጣጠሚያ ይሰካበታል። የዚህ መገጣጠሚያ ሐሳብ ግሩም ነው። አንዱ ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ እንዲሆን ወደ ሰሜን ዋልታ አቅጣጫ ይዘነበላል፤ ከዚያ በኋላ የምድርን መዞር ለማካካስ ያንን አንዱን ዘንግ ብቻ ማዞር ይበቃል።

የመዘንበሉ ልክ ግን የቦታው ኬክሮስ ነው። ስቶክሆልም ላይ 59 ዲግሪ፣ ዋሽንግተን ላይ 39፣ አዲስ አበባ ላይ 9፣ ሐዋሳ ላይ 7 ዲግሪ ይሆናል። እኛ ዘንድ ዘንጉ ሊተኛ ምንም አይቀረው። ከእነዚህ መገጣጠሚያዎች ብዙዎቹ የታሰቡት ከምድር ወገብ ርቀው ለሚኖሩ ገዢዎች ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ዝቅ አይሉም። ዝቅ የሚሉትም ቢሆኑ ሚዛን የሚጠብቀው ክብደት የተንጠለጠለበት ዘንግ ከእግሩ ጋር ይጋጫል፤ ጭነቱም ከመሐል ወጥቶ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ዘንጉን ለማነጣጠር የምትረዳው የሰሜን ኮከብም ከአዲስ አበባ ስትታይ ከአድማስ ከፍታዋ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ አቧራ፣ ሕንፃ ወይም የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት በቀላሉ ይጋርዳታል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለኢትዮጵያ ልጅ ስጦታ ሲገዛ ይህን የሚነግረው ሻጭ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት የመገጣጠሚያውን የኬክሮስ መለኪያ ዝቅተኛ ቁጥር ቢመለከት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የዶብሶኒያን መቆሚያ ይህን ችግር ከሥሩ ያስወግደዋል። ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው። ዶብሰን እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1967 የቬዳንታ ገዳም መነኩሴ ነበር፤ እዚያ ሳለ ከተጣለ የመርከብ መስኮት መስታወት፣ ከካርቶን ቱቦና ከጣውላ ቴሌስኮፕ ይሠራ ጀመር። ከገዳሙ ከወጣ በኋላ ቴሌስኮፖቹን አስፋልት ዳር እያቆመ አላፊ አግዳሚውን ጨረቃና ሳተርን ያሳይ ነበር። መቆሚያው ከጣውላ የተሠራ ዝቅ ያለ ሣጥን ነው፤ ቱቦው በሣጥኑ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ሣጥኑም በግራና በቀኝ ይሽከረከራል። በሚነካኩት ገጾች መካከል ያሉት የቴፍሎን ቁራጮች ቱቦው በጣት ሲገፋ እንዲንሸራተት፣ ሲለቁት ደግሞ ባለበት እንዲቆም ያደርጋሉ። ኬክሮስ አይጠይቅም፤ የሰሜን ኮከብንም አይፈልግም። ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነም የገዢው ገንዘብ አብዛኛው ለመስታወቱ ይውላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ መቆሚያ ሰማይን በራሱ አይከተልም የሚል ነው። እውነት ነው። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር በ120 እጥፍ ሲታይ አንድ ፕላኔት ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከዕይታ ይወጣል፤ ተመልካቹም ቱቦውን ቀስ እያለ መግፋት አለበት። ይህ ግን ከአንድ ሁለት ምሽት በኋላ እጅ የሚለምደው ነገር ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ዶብሶኒያን በጣም የሚያስቸግረው አናት ላይ ያለን ነገር ሲከተል ነው፤ ከኢትዮጵያ ደግሞ ፕላኔቶች አናት አካባቢ ያልፋሉ። በሰማይ ላይ ከፍተኛ ቦታቸው ላይ ሲደርሱ ከአዲስ አበባ ከፍታቸው ከ55 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም፤ በስቶክሆልም ግን እስከ 8 ዲግሪ ዝቅ የሚሉበት ዓመት አለ። ይሁንና ይህ ከፍታ ጸጋ ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ስለሚሳሳ ምስሉ ይጠራል። አናት ላይ የደረሰውን ፕላኔት መከተል ሲያስቸግርም አንድ ሰዓት ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ መመልከት ይበቃል፤ ያኔም ቢሆን ፕላኔቱ ገና ከፍ ያለ ነው።

ፎቶ ማንሳት የሚፈልግስ? የጨረቃን ፎቶ በስልክ በዶብሶኒያንም ማንሳት ይቻላል። የጋላክሲና የኔቡላ ፎቶ ግን ረጅም ጊዜ ብርሃን መሰብሰብን ስለሚጠይቅ ከባድና ትክክለኛ ኢኳቶሪያል መቆሚያ፣ ከዚያም ሞተርና ካሜራ ያስፈልገዋል። በዚያ ሥራ መቆሚያው ከቴሌስኮፑ ራሱ ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ በርካሹ ኢኳቶሪያል «አንድ ቀን ፎቶ አነሳበታለሁ» ብሎ መጀመር ለማየትም ለማንሳትም የማይሆን ነገር መግዛት ነው።

ክብደት ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። ባለ 200 ሚሊሜትሩ ከነመቆሚያው ከ20 ኪሎ ይበልጣል፤ ቱቦው ብቻ 1.2 ሜትር ያህል ይረዝማል። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው 150 ሚሊሜትሩን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በየሳምንቱ የሚወጣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ከማይወጣ ትልቅ ይበልጣል። የመስታወቶቹን አቅጣጫ ማስተካከልም በተለይ ከመኪና ጉዞ በኋላ አይቀርም፤ ሥራው ግን ከተለማመዱት የጥቂት ደቂቃ ነው። የመስታወቱን ገጽ በጨርቅ መጥረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ከአቧራው ይልቅ ጭረቱ ይጎዳዋል። ፀሐይን ለማየትም ቢሆን ለዚሁ የተሠራ፣ የቱቦውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማጣሪያ ግዴታ ነው። በዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዘዘው ትንሽ ማጣሪያ በሙቀት ሊሰነጠቅና ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል መጣል አለበት።

በጀቱ አነስተኛ ለሆነም መንገድ አለ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ 130 ሚሊሜትር ዶብሶኒያን ከውጭ በሻንጣ ለማምጣት የማይከብድ፣ የሳተርንን ቀለበትና የጁፒተርን የደመና ቀበቶዎች በደንብ የሚያሳይ ነው። መሸሽ ያለበት 114 ሚሊሜትር መስታወት ይዞ «የትኩረት ርቀት 1000 ሚሊሜትር» የሚል፣ ቱቦው ግን የዚያ ግማሽ ያህል ብቻ የሆነ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው ቱቦ ያጠረው በውስጡ ተጨማሪ ሌንስ ስላለበት ነው፤ ያ ሌንስ ብዙ ጊዜ ጥራቱ ዝቅ ያለ ሲሆን የመስታወቶቹን ማስተካከልም ያከብደዋል። ገንዘቡ ለ130 ሚሊሜትሩም የማይበቃ ከሆነ ደህና 10 በ50 ባይኖክላር ገዝቶ በጁፒተር ጨረቃዎችና በፍኖተ ሐሊብ መጀመር ይሻላል።