ከጎማው ሥር ያለችው ድንጋይ

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. በተሠራው የሐሙዲ መስጊድ አካባቢ፣ በእኩለ ቀን ገደማ ያለውን ግርግር ያየ ሰው አይረሳውም። ከሐረርጌ ደጋ የሚመጣው ጫት የሚጠበቅበት ሰዓት ነውና ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ሴቶች ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ሕፃናት በመኪናዎች መካከል ይሯሯጣሉ። ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በሄድንበት ጊዜ ዓይናችንን የሳበው የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ በድሬዳዋና በደወሌ በኩል አትክልት ጭኖ የመጣ አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነበር። ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደግፏል።

«ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑስ?» ስንል ጠየቅናቸው፤ ሹፌሩ ዕድሜያቸው የገፋ የድሬዳዋ ሰው ናቸው።

«አቦ፣ የእጅ ፍሬን ከተውኩ ስንት ዓመቴ! ድንጋይ አይበጠስ፣ አይላላ» ብለው ሳቁ።

መሬቱ ለዓይን ሜዳ ይምሰል እንጂ ጥቂት ያዘነብላል። ጭነቱ ሲራገፍ መኪናው ተነቃነቀ፤ ድንጋይዋ ተንሸራተተች፤ ፒክአፑም ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ከአንድ የሽንኩርት ጆንያ ጋር ተላትሞ ቆመ። ከጆንያው አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው ሻጭ ልጇን አፈፍ አድርጋ ተነሥታለች። ማንም አልተጎዳም። የሹፌሩ ሳቅ ግን ጠፋ።

አመሻሹ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል የኋላውን ፍሬን አብረን ፈተሽነው። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አስደግፈን፣ መኪናውን በክሪክ ካነሣን በኋላ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍነው፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ታምቡሩ አልወጣ ሲል መዶሻ አላበዛንበትም። በታምቡሩ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች 8 ሚሊሜትር ቡሎኖች አስገብተን ተራ በተራ ስናጠብቃቸው ወጣ።

ሹፌሩ እንደ ነገሩን ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሁለተኛው ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አየር ገብቷል ይላል። አየር ሲገባ ግን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይም ዋናው የፍሬን ሲሊንደር ደክሟል። የዚህኛው በሽታ ሌላ ነበር፤ ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ሳለ ከታምቡሩ ርቆ ተቀምጧል። በብዙዎቹ የቆዩ የቶዮታ ፒክአፖች ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው ማስተካከያ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ሲጎተት ነው። ካልተጎተተ ማስተካከያው ባለበት ይቀራል፤ ካቦው በጅቡቲ የጨው አየር ዝጎ ይደርቃል፤ የማቆሙም ሥራ በፊት ጎማዎች ላይ ይወድቃል። ለዓመታት በድንጋይ የቆመው መኪና የኋላ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ያጣው በዚህ መንገድ ነው።

በግራው ጎማ ውስጥ ደግሞ እርጥበት አገኘን። ፈሳሹ ወፍራምና የሚከረፋ ቢሆን የዲፈረንሻል ዘይት ነው እንል ነበር። ይህ ግን ቀጭንና ቀለም የሚልጥ የፍሬን ዘይት ነው፤ የጎማው ሲሊንደር ጎሚኒ ተበልቷል። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይድንም። በማግሥቱ አዲስ ገዝተን የሁለቱንም ጎማ ለወጥን፤ የአንዱ ብቻ ቢለወጥ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታልና። አንዱን ጎን ስንፈታ ሌላውን እንዳለ ትተን የሞላዎቹን አቀማመጥ ከእርሱ አየን።

ሹፌሩ ብዙ ለመጫን ባሌስትራ አስጨምረዋል። በዚህ ፒክአፕ ላይ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ መቆጣጠሪያ አለ፤ ጭነት የመኪናውን ጀርባ ዝቅ ባደረገው መጠን ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይጨምራል። ባሌስትራ ሲጨመር ጀርባው እንደሚገባው ዝቅ ስለማይል ግፊቱም አነስተኛ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ደንገጎን ጭኖ መውረድ ድፍረት ነው።

የፍሬን ዘይትም ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያው መለኪያ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የተረፈውን በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ቤት ማስቀመጥም ሕፃን ያስመርዛል።

ለባለትዳሮች አንድ ነገር እንጨምር። በቆዩ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ይገኛል፤ ብናኙም ካንሰር ያመጣል። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ በኖሩ ሚስቶች ላይ እንኳ በሽታው ታይቷል። ስለዚህ ታምቡሩ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይነፋ። ባልየውም ቱታውን ሳያራግፍ በር ላይ አውልቆ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ለብቻው ራሱ ይጠበው።

አየሩን ከፍሬኑ መስመር አስወጥተን፣ ካቦውን ለውጠን ስንጨርስ ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ደጋግመው ጎተቱ፤ ፔዳሉም በአንድ ርግጫ ከፍ ብሎ ያዘ። ወደ ደወሌ ሲነሡ ድንጋይዋን አንሥተው ከወንበራቸው ኋላ አስቀመጧት።

«ጎማ ስንፈታ ለታኮ ትሆናለች» አሉን።