ደጃፍ ላይ የቆመ ነጋዴ

እናቴ ጠባሴ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ ቅቤ የምትገዛው ቢላ ይዛ ነበር። ሻጯ ኮባውን ስትፈታ ቢላውን መሀል ለመሀል ትሰካና ታወጣዋለች፤ ስለቱ ላይ የቀረውን ታሸታለች፤ ከዚያ ቅንጣት ታህል አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አድርጋ እስኪቀልጥ ትጠብቃለች። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሻጯ ግን አትቀየምም። «እትዬ፣ ዛሬም ልታዪው ነው?» ትላለች እየሳቀች። «ልየው እንጂ፣ የልጆች ጉሮሮ ነው» ይሆናል መልሱ።

አንድ ዓመት እናቴ ታማ ተኝታ ሳለ በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። የመጣችው ሌላ ሴት ናት፤ ዋጋዋም ከሁሉም የረከሰ ነበር። ቢላ አላወጣሁም። ማታ ሊነጠር ድስት ውስጥ ሲገባ ከላይ ያለው ጣት የማይሞላ ቅቤ ቀለጠ፣ ከሥሩ የተቀቀለ ድንች ብቅ አለ። በማግስቱ ወዴት እንሂድ? ስሟን አናውቅም፣ ሰፈሯን አናውቅም፣ ደረሰኝ የለን። ስለ ደጃፍ ነጋዴ ሕጉና ልማዱ ባለፉት ዘመናት የት እንደ ደረሰ ስመረምር ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚያ ጥያቄ ነው፤ የሸጠልህን ሰው ነገ ታገኘዋለህ?

ለአካባቢያችን ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከአንኮበር ሥር ያለው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ትልቅ ገበያ ነበር። ከቆላው አሞሌ ጨው የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያራግፉት እዚያ ነበር፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው በዚያው በኩል ነው። በዚያ ዘመን ሰው ጠገራ ብር ሲቀበል ብሩ ላይ በተቀረጸው የንግሥት ምስል ያሉትን የጌጥ ነጠብጣቦች ይቆጥር ነበር፤ የተፋቀ ወይም የጎደለ ከሆነ አይወስድም። ጫፉ የተሸረፈ አሞሌም ዋጋው ይወርዳል። ነጋድራስ የሚባለው ሹም ደግሞ ቀረጥ ከመሰብሰቡ ሌላ የነጋዴን ክርክር ይዳኝ ነበር። ማለት፣ የተታለለ ሰው የሚጮኽበት አንድ የታወቀ በር ነበረው።

በከተማችን በደብረ ብርሃን፣ ገና ትንሽ ሳለች፣ ያንን በር የተካው ደንበኝነት ነው። ቅቤ ሻጯ፣ ኩበት ሻጩ፣ ከሰል አምጪው፣ ሱቅ በደረቴው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል። አንድ ቤት ያጭበረበረ በሚቀጥለው ሳምንት ሰፈሩን በሙሉ ያጣል። የዕድር ስብሰባ ላይ ስሙ ከተነሳ አለቀለት። እኔ እንደማስበው ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማችንን እማወራዎች ከየትኛውም አንቀጽ በላይ የጠበቃቸው ይህ ነው።

አንቀጹም አልጠፋም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተታሎ የተዋዋለ ሰው ውሉን እንዲያስፈርስ ፈቅዷል፤ ለዚህም ሁለት ዓመት ይሰጠዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ድረስ ይቀጣል። ሸማች የሚለው ቃል ራሱን ችሎ በአዋጅ ርእስ ላይ የተጻፈው ግን ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 685/2002፣ ቀጥሎም እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 813/2006። ይህ ኋለኛው ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። አዋጁን እንዲያስፈጽም ተቋቁሞ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ይህ ሁሉ ለባለ ሱቅ ደንበኛ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አልክድም። ግን 15 ቀን የሚጠቅመው ተመልሰህ የምትሄድበት መደብር ሲኖር ነው። ሕጉ ነጋዴው አድራሻ እንዳለው አድርጎ ነው የሚያስበው፤ የደጃፍ ነጋዴ አድራሻ እግሩ ነው።

ሕጉ በወረቀት ሲጠነክር ደንበኝነቱ ደግሞ ላላ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያመጣቸው ሰዎች ቀስ በቀስ ጎረቤት ሆነዋል። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም መጠለያ ያገኙት እዚሁ ነው። ዛሬ በአንድ የግቢ በር ውስጥ ስድስት ሰባት ተከራይ አለ። በሩን የሚያንኳኳውን የሚያውቅ ቀርቶ፣ በሩን የሚከፍተውን የሚያውቅ ጠፍቷል።

ማታለያውም ተቀየረ። የከሰሉ ማዳበሪያ አሁንም እንደ ጥንቱ ነው፤ ከአፉ ላይ ክንድ የሚያህል ከሰል፣ ከወገቡ በታች ድቃቂና አፈር። የጣሳው ሥርም ወደ ውስጥ እንደተጎደጎደ ነው፤ አምስት ጣሳ ምስር የገዛች ሴት ቤቷ ስትሰፍረው አራት ይሆንባታል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ማር ውስጥ ስኳር መግባቱም የቆየ ነው። አዲስ የመጣው ደንብ ልብስ ለብሶ «ቆጣሪ ልናይ ነው» የሚለው ነው፤ አንድ ክረምት የማይዘልቅ የፀሐይ መብራት «ዋስትና አለው» ብሎ የሚሸጠው ነው። ዋስትናውን ማን እንደሚከፍል ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። እነዚህ የሚመርጡት ሰዓት አዋቂው ሥራ የሚውልበትን፣ አረጋዊትና ሕፃን ብቻ ቤት የሚቀሩበትን ነው። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ሌሎች አገሮች ችግሩን ለይተው አይተውታል። እንግሊዝ ዟሪ ነጋዴ ከፖሊስ ማረጋገጫ እንዲይዝ ሕግ ያወጣችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1871 ነው። አሜሪካ በዚያው አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በር ላይ የገዛ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሐሳቡን እንዲለውጥ ፈቀደች። አውሮፓውያን በ1985 ሰባት ቀን ሰጡ፣ በኋላም ወደ 14 አሳደጉት። መነሻው አንድ ነው፤ ሰው በገዛ ደጃፉ ላይ ሻጭ ሲያፈጥበት እንቢ ለማለት ይከብደዋል። እኛ ዘንድማ እንግዳን ከበር መመለስ ነውር ስለሆነ ይበልጥ ይከብዳል።

ቀኑን ብቻ ቀድተን ብናመጣ ግን አይበቃንም። የሚበጀን የእንግሊዙ ሐሳብ ነው፤ ቀበሌው ቤት ለቤት ለሚዞር ሻጭ ፎቶና ቁጥር ያለበት መታወቂያ ቢሰጥ፣ ዕድሩም ቁጥሩን በመዝገቡ ቢይዝ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ። በእሱ የከፈለች እናት የተቀባዩን ስም በመልእክት ታገኛለች፤ ይህ ደረሰኝን ባይተካም ፖሊስ ዘንድ ይዛ የምትቀርበው ነገር ይሆናታል። በጥሬ ብር ካልሆነ አልሸጥም ያለ ሁሉ አታላይ አይደለም፤ ስልክ የሌለው ብዙ ነው። ስልክ እያለው እንቢ ያለውን ግን በሩ ላይ ማቆየት ይገባል።

መታወቂያው ገንዘብ የሚጠየቅበት ከሆነ ግን ነገሩ ይበላሻል። ከመጠለያው ወጥታ ቆሎና ሽሮ ይዛ የምትዞር ሴት አለች፤ አብዛኞቹ ሻጮች እንደ እሷ ናቸው። ባለፈው ሰሞን በራችን ላይ የቆመች አንዲት እናት፣ ገና ሳልጠይቃት፣ የሽሮውን ከረጢት ፈታ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝና «ቅመሽው ልጄ፣ ካልጣመሽ መልሽልኝ፤ ነገም በዚሁ ነው የማልፈው» አለችኝ።